ሴይኮ 5 ወይስ ፐርፔችዋል ካላንደር?

ድሬ፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር የሰዓት ወሬ ከተነሳ ማቆሚያ የለውም። ሴይኮ 5 የሚባለው ቀን የሚያሳይ የእጅ ሰዓት ወር ሁሉ 31 ቀን ይመስለዋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓመት 5 ጊዜ ታስተካክለዋለህ፤ በቃ።

ፐርፔችዋል ካላንደር፣ ማለትም የየወሩን ርዝመት ራሱ የሚያውቀው ሰዓት ግን ሌላ ዓለም ነው። ብዙዎቹ ውስጥ በ4 ዓመት አንዴ የሚዞር፣ 48ቱም ወራት የተቀረጹበት ዲስክ አለ። አንዲት ማንሻ የቅርጹን ጥልቀት እየዳሰሰች ወሩ ስንት ቀን እንዳለው ታውቃለች። ፌብሩዋሪ 29ን ሳይቀር! ያውም ያለ ባትሪ። ካልቆመ እስከ ፈረንጆቹ 2100 ቀኑን አትነካውም። ከቆመ ግን ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው፤ ዋጋውንም ባናነሳው ይሻላል።

ጳጉሜን ሁለቱም አያውቋትም። ለማየት ፐርፔችዋሉ፣ ለእጄ ሴይኮው። እሱን ቢያንስ በየወሩ 31ን እያዘለልኩ በሐበሻ ቀን አስኬደዋለሁ።