ሞቷል የተባለውን ላፕቶፔን ላስነሳልኝ የኮዬ ፈጬ ልጅ

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ በተለይ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ከርሜ ዛሬ ተመስገን ልቤ አርፎ ነው የምጽፈው።

ላፕቶፔ ላይ ሁለት ሲስተም አለ፣ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ አይነት። ዊንዶውሱ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ስራ ነው። ኡቡንቱውን የጫነልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ካናዳ ከመሄዱ በፊት፣ እና አባታችን በህይወት እያለ ሰባት ቤት ሲቆጥር፣ አያቶቹ ከየት እንደመጡ ሲያወራ የቀዳውን ድምፅ በሙሉ እዛው ኡቡንቱው ላይ ነው ያስቀመጠው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም።

አንድ ማታ ዊንዶውሱ አፕዴት አደረገ፣ በነጋታው ስከፍተው ያ ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ ብሎ የሚያስመርጠው ሜኑ የለም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ግራብ ሬስኪዩ የሚል ጽሁፍ ብቻ፣ አጥፍቼ ባበራው ያው ነው።

መሀል ከተማ ይሻላል ብዬ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት ገና ከማየቱ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል አለኝ፣ አዲስ ለማስገባት 6,000 ብር። ሁለተኛው ፎርማት እናድርገው አለ፣ ውስጡ ያለውስ ስለው "እሱማ ይጠፋል" አለኝ ከስልኩ ላይ ቀና እንኳን ሳይል። ሶስተኛው አራት ቀን አስቀምጦት፣ ስደውል ነገ፣ ስደውል ነገ፣ በመጨረሻ ለማየት ብቻ ነው ብሎ 800 ብር ተቀብሎ ምንም ሳይሰራው፣ ጭራሽ ከኪቦርዱ ሁለት ፊደል ተነቅሎ መለሰልኝ። ስማቸውን አልጠራም። ግን የሰው ንብረት እንዲህ ነው እንዴ የሚያዘው? ስመለስ ታክሲ ውስጥ አልቅሻለሁ።

"እዚሁ እኛ ሰፈር ልጁ እያለልሽ ምን አንከራተተሽ" ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። የሚሰራው ኮንዶሚኒየሙ ስር ባለች ጠባብ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት ነው፣ እኔ ራሴ ስንቴ ፈተና አባዝቼባታለሁ። ልጁ ወሬ የማያበዛ ነው። ላፕቶፑን ገና ሳይነካው "እህቴ፣ ውስጡ እንዲጠፋ የማትፈልጊው ነገር አለ?" አለኝ። ሶስት ቤት ዞሬ ይሄን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም! የአባቴን ነገር ነገርኩት። "እንግዲያው መጀመሪያ እሱን እናውጣ፣ ጥገናው ይደርሳል" አለኝ።

ከዛ ላፕቶፑ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ፣ ዊንዶውሱ ተከፈተ። ተቃጥሏል የተባለው! ከውስጡ 48 አሀዝ ያለው ቁጥር አውጥቶ በወረቀት ጻፈልኝ፣ ቢትሎከር የሚባል መቆለፊያ አለ፣ አንድ ቀን ይሄን ቁጥር ከጠየቀሽና ከሌለሽ የዊንዶውሱ ፋይል አይከፈትልሽም፣ ደህና ቦታ አስቀምጪው አለኝ። ቀጥሎ በፍላሽ አስነሳውና የትኛው ፎልደር ነው ሲለኝ "አባዬ" የሚለውን አሳየሁት።

ኮፒው ሲያልቅ አንዱን ከፍቶ ኢርፎን ሰጠኝና "በደንብ እንደሚሰራ አንቺው አዳምጪ" ብሎ ወጣ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ "እንግዲህ አያቴ ከመንዝ ሲወርዱ..." ብሎ ጀመረ። ከዛ በኋላ ምን ልበላችሁ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ኮፒ ፈላጊውን "ትንሽ ቆዩ" እያለ ጠበቀኝ፣ ሲገባም ሻይ ይዞልኝ ነው፣ ማልቀሴን እያየ ምንም አላለኝም። ይሄን በምን ብር ይከፈላል?

ጥገናው ራሱ ግማሽ ሰአት አልፈጀም፣ የሆነ የሆነ ነገር ጻፈ፣ እኔ አልገባኝም። የገባኝ ያስረዳኝ ነው፦ "የብሎክ ቁጥር ሲቀየር እንግዳ ቤቱን አያጣውም? ሰዎቹ ግን እቤታቸው አሉ። ዊንዶውሱ ሲያድስ የሃርድ ዲስኩን ክፍልፋዮች ነካክቶ ቁጥራቸው ተቀየረ፣ ሜኑው በድሮው ቁጥር እየፈለገ አጣው እንጂ ሃርድ ዲስክሽ ምንም አልሆነም።" በፈረንጆቹ ኦገስት 2024 ማይክሮሶፍት በለቀቀው አፕዴት ደግሞ በሌላ ምክንያት የብዙ ሰው ሊኑክስ አልነሳ ብሎ ነበር፣ እሱም ቢሆን ፎርማት አያስፈልገውም ነበር አለኝ።

የተቀበለኝ ሳይጀምር የነገረኝን 700 ብር ነው። በቴሌብር 1,000 ብልክለት 300ውን እዛው መልሶ ላከልኝ፣ ብለምነው እንቢ አለ።

እባካችሁ ሁለት ሲስተም ጭናችሁ ሜኑው የጠፋባችሁ፣ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ የምትሉ፣ ፎርማት ይሁን ከማለታችሁ በፊት እሱ ጋ ውሰዱት። መሀል ከተማ ያላችሁም ብትሆኑ ኑ፣ መንገዱ ሩቅ ነው ግን ኑ፣ እደግመዋለሁ ፎርማት እንዳታስደርጉ! ወንድሜ ድምፁ ሲደርሰው ሌሊት ደውሎ ያን ልጅ በኔም ስም አመስግኚልኝ ብሎኛል፣ ስለዚህ ይሄ ምስጋና የሁለታችንም ነው። ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን በደንብ እነግራችኋለሁ። እሁድ እስከ ስድስት ሰአት አይከፍትም።