አዳፕተር ወይስ ፒኦኢ? ለደሴና ለኮምቦልቻ የጥበቃ ካሜራ ገዢዎች የኃይል አቅርቦት ንጽጽር

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የጥበቃ ካሜራ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሜጋፒክስል ነው፤ ሻጩም በስክሪን የሚያሳየው የምስሉን ጥራት ነው። ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ ለጥገና የምንጠራባቸው ችግሮች ግን በአብዛኛው ከምስል ጋር የተያያዙ አይደሉም። ካሜራው ጨርሶ አይነሣም፣ ሌሊት ሌሊት እየጠፋ ይበራል፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ አብሮ ሳይመለስ ይቀራል። ሦስቱም የኃይል ችግሮች ናቸው፤ ሦስቱንም ከግዢው በፊት መከላከል ይቻላል።

በገበያ ላይ ያሉት የኔትወርክ ካሜራዎች በዋናነት በሁለት መንገድ ኃይል ያገኛሉ። አንደኛው 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ አዳፕተር ነው፤ በዚህ አሠራር ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ አዳፕተርና በአቅራቢያው አንድ ሶኬት ያስፈልጋል፣ ምስሉ ደግሞ በኬብል ወይም በዋይፋይ ለብቻው ይሄዳል። ሁለተኛው ፒኦኢ የሚባለው ነው፤ ኃይሉና ምስሉ በአንድ የኔትወርክ ኬብል አብረው ይጓዛሉ፣ ኃይሉንም 48 ቮልት አካባቢ አድርጎ የሚልከው ስዊቹ፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ወይም ኤንቪአር የምንለው መቅጃ ነው።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን ያላቸው አንድ ሰው ጠሩኝ። በበሩ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ቀን ቀን እንከን አልነበረበትም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ግን እየጠፋ ይነሣል። ሁለት ጊዜ አስለውጠውታል፤ ሁለቱም ጊዜ ያው ሆነ። አዳፕተሩ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ 12 ቮልቱ እስከ በሩ ድረስ 45 ሜትር የሚጓዘው በኔትወርኩ ኬብል አራት ትርፍ ሽቦዎች ነው። በቴስተር ስለካው የአዳፕተሩ መውጫ ላይ 12.1 ቮልት አለ፤ ካሜራው ጫፍ ላይ ግን ቀን 11 ቮልት ገደማ የነበረው ሲመሽ ወደ 9.4 ወረደ፣ ካሜራውም ወዲያው ጠፋ። ካሜራዎቹ ሁሉ ጤነኞች ነበሩ፤ ስህተቱ 12 ቮልትን ያን ያህል ርቀት መላኩ ላይ ነው።

ነገሩ በስሌት የሚታይ ነው። የተለመደው የኔትወርክ ኬብል አንዲት የመዳብ ሽቦ በ100 ሜትር ከ8 ኦም በላይ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን የመግታት ጠባይ፣ አላት። ሲመሽ ካሜራው በጨለማ የሚያይባቸው የኢንፍራሬድ መብራቶች ስለሚበሩ ካሜራው የሚስበው ከረንት እጥፍ ድረስ ሊጨምር ይችላል፣ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ይበዛል። 8 ዋት ኃይል በ12 ቮልት ለመላክ 0.67 አምፔር ሲፈልግ በ48 ቮልት የሚፈልገው 0.17 አምፔር ብቻ ነው፤ ከረንቱ በአራት እጥፍ ሲያንስ በሽቦው ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ኃይል በ16 እጥፍ ያንሳል። ፒኦኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ጭንቀት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ሲሆን ነው። በርካሽ የሚሸጠው ኬብል ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሽቦውን በምላጭ ቧጨር ሲያደርጉት ከቀዩ ቀለም ሥር ነጭ ብረት ይታያል። ሬዚስታንሱ ከመዳቡ ከግማሽ በላይ ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ካሜራ ላይ ገንዘብ አውጥቶ ኬብል ላይ የሚቆጥብን ሰው ባገኘሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ካሜራውን በማንኛውም ጊዜ መለወጥ ይቻላል፣ ግድግዳ ውስጥ የገባን ኬብል መለወጥ ግን ቤት እንደ ማፍረስ ነው።

ፒኦኢ የመረጠ ገዢ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው ደረጃው ነው። በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ የሚባለው ደረጃ ከስዊቹ በኩል 15.4 ዋት ይልካል፣ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ቢያንስ 12.95 ዋት ነው፤ ለተራ ካሜራ ይበቃል። የሚዞርና የሚያቀርብ ካሜራ ግን ብዙውን ጊዜ 30 ዋት የሚልከውን የ2009ኙን 802.3ኤቲ ይፈልጋል። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት ጫፉ ላይ ያለው ዕቃ ኃይሉን የሚቀበል መሆኑን ይፈትሻል፤ ፓሲቭ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ግን ሳይጠይቅ ስለሚልክ ያልተዘጋጀለትን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው የስዊቹ ጠቅላላ አቅም ነው። ስምንት ቀዳዳ ያለው ስዊች በጠቅላላው 60 ዋት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ ካሜራ የሚደርሰው 7.5 ዋት ነው፤ ቀን ሁሉም ሠርተው ሲመሽ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚጠፉ ከሆነ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ስድስት አዳፕተሮች በስድስት ሶኬቶች ላይ ተበትነው ሳለ ሁሉንም በአንድ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ፣ መደገፍ አስቸጋሪ ነው፤ በፒኦኢ ግን ስዊቹንና ኤንቪአሩን በአንድ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ሁሉንም ካሜራዎች ያቆያል። ሆኖም ሻጮች ስለ ዩፒኤስ የሚናገሩትን ሰዓት በጥንቃቄ መስማት ይገባል። 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሆነች ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ትይዛለች፤ አራት ካሜራ፣ ስዊችና ኤንቪአር ተደምረው 50 ዋት ያህል ቢስቡ፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ አያስተማምንም። በረንዳ ላይ አንድ ካሜራ ብቻ ላለው ሰው 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ከአዳፕተሩና ከካሜራው መካከል መግባቷ ይበቃዋል። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደግሞ ስታብላይዘር ለሁለቱም ያስፈልጋል።

የአየር ጠባዩም በምርጫው ላይ ድርሻ አለው። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ከጦሳ የሚወርደው ጉም አንዳንዴ ገና በቀኑ ስለሚያጨልም ካሜራው የማታ መብራቱን ያለ ጊዜው ያበራል፤ እርጥበቱም በናስትሮ ብቻ በተጠቀለለ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሽቦውን ያዝገዋል። ከሥሯ በምትገኘው በሞቃቷ ኮምቦልቻ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ አዳፕተር በቀትር ሙቀት ቶሎ ይደክማል። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩት ካሜራዎች መብራት ላልገባበት ቦታ ይረዳሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚቀዱት እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ነው፣ በደሴ ክረምትም ባትሪያቸው በቂ ፀሐይ ላያገኝ ይችላል።

እንግዲህ ካሜራው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነና ሶኬቱ በጥቂት ሜትር ውስጥ ካለ አዳፕተር መግዛት ተገቢ ነው፤ ከካሜራው ላይ ከተጻፈው አምፔር ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ ለ1 አምፔር ካሜራ የ2 አምፔር አዳፕተር ቢመረጥ ጉዳት የለውም፣ ቮልቱ ግን በትክክል 12 መሆን አለበት። ከሦስት ካሜራ በላይ ለሆነ ወይም ርቀቱ 20 ሜትር ለሚያልፍ ሥራ የመነሻ ዋጋው ቢበልጥም ፒኦኢ እመርጣለሁ። የአዳፕተር ካሜራ ገዝቶ የተቸገረ ሰውም ካሜራውን መጣል የለበትም፤ ከፒኦኢ ስዊች የሚመጣውን 48 ቮልት ካሜራው አጠገብ ወደ 12 የሚቀንስ ስፕሊተር አለ፣ ለመጋዘኑ ባለቤትም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ከገጣሚው ጋር ሒሳብ ከመዝጋት በፊት አንድ ፈተና ማድረግ ያስፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ መሰላል ላይ ወጥቶ የካሜራውን ፊት በወፍራም ጨርቅ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው፤ ካሜራው የመሸ ስለሚመስለው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በብዙዎቹ ላይም ትንንሾቹ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ይቀላሉ። ካሜራው በዚያ ሁኔታ አሥር ደቂቃ ሳይጠፋ ከቆየ፣ ሌሎቹም አብረው ተሸፍነው ካልጠፉ፣ ክፍያው ሊፈጸም ይችላል።