ከወሎ ሆኖ የልጆች መጽሐፍ ለሚጽፍ፦ የትኛው የኢንተርኔት መሣሪያ ይጠቅማል?

ደሴ ወይም ወልድያ ተቀምጦ የልጆች መጽሐፍ ለመጻፍ ኢንተርኔት የሚያስስ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ምክር ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ገበያ የተጻፈ ነው፦ ወኪል እንዴት ይገኛል፣ ለአሳታሚ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል የሚል። ለወሎ ጀማሪ ይህ ብዙም አይፈይድም። የሚፈይደው ገጽ የሚያሰናዳ፣ ሥዕል የሚያቀርብ፣ የንባብ ደረጃ የሚለካ መሣሪያ ነው። በአማርኛ የሚሠሩና ክፍያ የማይጠይቁ ጥቂቶች አሉ፤ ጥሩዎች ናቸው። ሁሉም ግን አንድ የጋራ ችግር አለባቸው፦ የደረጃ መለኪያቸውም ሥዕላቸውም በሌላ አገር ልጅ ልክ የተሰፋ ነው። እንዳሉ ከተወሰዱ መጽሐፉ ወይ ይከብዳል ወይ ባዕድ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስንመዝን ምን እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን የቱ ጋ መስተካከል እንዳለበትም እንናገራለን።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ከብሉም ይጀምር። ኤስአይኤል የተባለው የቋንቋ ድርጅት የሚያዘጋጀው ነፃ የመጽሐፍ መሥሪያ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ብቻውን ከሌሎቹ ያስቀድመዋል። ሲከፈት የመጽሐፍ ስብስብ ፍጠሩ ይላል፣ ቋንቋ ያስመርጣል፣ ከዚያ ፎንት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይምረጡና መጠኑን ከ20 ነጥብ አያሳንሱ። ምክንያቱ ውበት አይደለም፦ ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ነው፣ ሩ እና ሪም እንዲሁ። በ12 ነጥብ የታተመ ገጽ ላይ አዋቂ ከዐውዱ ገምቶ ያልፋል፤ ገና ፊደል የሚለይ ልጅ ግን ይሳሳታል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

የብሉም ትልቁ ሀብት ልጁ በተማራቸው ፊደላት ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ የሚያሠራው ክፍል ነው። ደረጃ በደረጃ ፊደላትን ያስመዘግባሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ለናሙና በተዘጋጀው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ፕሮግራሙም በእነዚያ ፊደላት ብቻ የሚጻፉትን ቃላት ከናሙናው ለቅሞ ያወጣልዎታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ምዝገባው ላይ ነው። መሣሪያው የታሰበው ሃያ ምናምን ፊደል ላላቸው ቋንቋዎች ስለሆነ ለ፣ መ፣ ሰ ብሎ የቤቱን አለቃ ብቻ የመዘገበ ሰው ሉ እና ሚ ያለበትን ቃል ሁሉ አያገኝም። ለኮምፒውተሩ ለ እና ሉ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ 33ቱ በሰባት ተባዝተው 231ዱም፣ እነ ሏ እና ኳም ተጨምረው፣ በክፍት ቦታ እየተለዩ አንድ በአንድ መግባት አለባቸው። አድካሚ ነው፣ ግን የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ነገር ድካሙን ያስረሳል። ለ፣ ማ፣ በ፣ ስ፣ ላ የሚሉትን አምስት ፊደላት ብቻ ቢያስገቡ «ለማ በለስ በላ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ ኮምቦልቻ ያለ ልጅ ደግሞ በለስ ምን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም። የፊደላቱን ቅደም ተከተል በራስ ግምት አያውጡት፤ የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ በሚያስተዋውቅበት ተራ ይሂዱ። ያለዚያ መጽሐፉ ከመምህሩ ትምህርት ጋር አይገናኝም።

ሌላው የብሉም ክፍል በደረጃ የተከፈለ ንባብ የሚያሠራው ነው። በገጽ፣ በዓረፍተ ነገርና በመጽሐፍ ስንት ቃል እንደሚፈቀድ ይወስናል፤ ሲያልፉ ያስጠነቅቃል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ነጥብ ነው፦ ብዙዎቻችን አራት ነጥብን የምንጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትተን ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለፕሮግራሙ ግን የዓረፍተ ነገር ማብቂያ አይደለም፤ ገጹን በሙሉ እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ቆጥሮ ያስጠነቅቃል። ጽሑፉን ከማስገባትዎ በፊት በፈልግና ተካ ትእዛዝ ድርብ ሁለት ነጥቦቹን ሁሉ በትክክለኛው ። ይቀይሯቸው። ሁለተኛው የቃል ብዛት ነው። «አልመጣላቸውም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የውጭ መለኪያ በገጽ አሥር ቃል ሲፈቅድ አሥር የአማርኛ ቃል ለጀማሪ ልጅ ከአቅሙ በላይ ነው። ደግነቱ ብሉም ቁጥሮቹን ራስዎ እንዲቀይሩ ይፈቅዳል። ለአንደኛ ክፍል በገጽ ከ2 እስከ 4 ቃል፣ አንዱም ቃል ከአራት ፊደል እንዳይበልጥ፤ ለሁለተኛ ክፍል ከ6 እስከ 10 ቃል፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተከፍሎ ብለው ይጀምሩ፤ ልጆች ሲያነቡት እያዩ ያስተካክሉት።

ብሉም አንድ መጽሐፍ በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ እንዲወጣም ያስችላል። ለወሎ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። ከሚሴ አካባቢ ልጁ ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ ይማርና ገበያ ላይ አማርኛ ይሰማል፤ ሰቆጣ በኩል ኽምጣና አለ። አፋን ኦሮሞው በቁቤ ስለሚጻፍ ለእሱ የተለየ ፎንት ይመረጥለታል፤ ለኽምጣና የሚያስፈልጉት ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት ደግሞ አቢሲኒካ ውስጥ አሉ።

ስለ ትየባው አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍ። ቤት ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ረቂቅ ያለው ሰው ምናልባት የጻፈው በዱሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች ነው። ያ ጽሑፍ ወደየትኛውም የኢንተርኔት መሣሪያ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ፎንት በመቀየር አይድንም፤ ወይ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መዞር አለበት ወይ እንደገና መተየብ። አጫጭር የልጆች ታሪኮች ስለሆኑ እንደገና መተየቡ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፣ በዚያውም ይታረማል። በኮምፒውተር ለመተየብ ኪይማን የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በስልክ የጉግል ኪቦርድ ጂቦርድ በቂ ነው።

ላፕቶፕ ለሌለው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ ይሻላል። ሳይዴ የተባለ የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ድርጅት ያቋቋመው ሲሆን፣ ለማንበቢያና ለመሥሪያ የተለያዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉት። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ መጻሕፍት አሉበት። አምስት ደረጃዎች አሉት፦ ከመጀመሪያ ቃላት ተነስቶ በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮችና አንቀጾች አልፎ አዋቂ ለልጅ ጮክ ብሎ እስከሚያነበው ድረስ። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ለተረት ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው፤ «ተረት ተረት፣ የላም በረት» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚጽፈው ለጆሮ ነውና ቃል በመቁጠር መታሰር የለበትም። የመሥሪያ መተግበሪያው በራስዎ ስልክ ያነሱትን ፎቶ ወይም የሣሉትን ሥዕል ያስገባል። ድክመቱ አቀማመጡ ነው፦ ጽሑፉና ሥዕሉ የት እንደሚውሉ ብዙ ምርጫ አይሰጥም። አማርኛ ትርጉሞቹም እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱ ለጆሮ የሚጥም፣ አንዳንዱ ከእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ያልተላቀቀ ነው። ለአርአያ የሚመርጡትን ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንብበው ይምረጡ።

ሌላው የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ ስቶሪዊቨር ነው፤ የከፈተው የህንዱ አሳታሚ ፕራታም ቡክስ ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ.። እንደ ማንበቢያና እንደ መማሪያ ከሁሉም ይበልጣል። አራት ደረጃ አለው፦ እስከ 250 ቃል፣ እስከ 600፣ እስከ 1500፣ ከዚያ በላይ። ከላይ ባልነው ምክንያት ለአማርኛ እያንዳንዱን ጣራ ቢያንስ በአንድ ሦስተኛ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ጥሩ ልምምዱ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ይክፈቱ፣ ጽሑፉን በእጅ ሸፍነው ሥዕሉን ብቻ ይዩ፣ ከዚያ ጽሑፉ ሥዕሉ የማይናገረውን ምን እንደጨመረ ይመልከቱ። ጀማሪ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ «ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ» ብሎ ይጽፍና ሠዓሊው ደግሞ ቀይ ቀሚስ ይሥላል፤ ያ ሁሉ ቃል ባከነ ማለት ነው።

የስቶሪዊቨር የሥዕል ባንክ ሰፊ ነው፣ በእንግሊዝኛ ቃል ቢፈለግ ይሻላል። ግን የባቲን የሰኞ ገበያ የሚተርክ ታሪክ ይዞ «ገበያ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የሚመጣለት ሳሪ የለበሱ ሴቶች ያሉበት የህንድ ገበያ ነው። ባጃጁ የደሴም ነውና ያልፋል፤ ሳሪው ግን አያልፍም። ባቲ ግመል የሚነዳ አፋር፣ አርጎባውና ኦሮሞው ከአማራው ጋር በየቋንቋው የሚገበያዩበት ቦታ ነው፣ ያንን የሚያሳይ ሥዕል እዚያ አይጠበቅም። አፍሪካን ስቶሪቡክ ሥራውን የጀመረው በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በደቡብ አፍሪካና በሌሶቶ ስለሆነ ፍየሉም ማሳውም ወደኛ ይቀርባል፤ ሆኖም ጋቢ፣ መሶብ፣ የላስታው ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ከተፈለገ መሣል የራስ ሥራ ነው። እንስሳት ብቻ ያሉበት ተረት ከሆነ ግን ባንኩ ይበቃል፤ ለመጀመሪያ መጽሐፍ የጦጣና የቀበሮ ተረት የምንመክርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ። ስቶሪዊቨር ላይ የሚታተም ማንኛውም ሥራ ሲሲ ባይ በተባለው ክፍት ፈቃድ ነው የሚወጣው። ይህ ማለት የደራሲውን ስም እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው መጽሐፉን መተርጎም፣ መቀየር፣ አትሞ መሸጥ ይችላል፣ ለደራሲው ሳይከፍል። ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ አይነሳም። አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ አንዳንዱ መጽሐፍ ይኸው ፈቃድ ሲኖረው አንዳንዱ ለንግድ መጠቀምን የሚከለክለውን ይይዛል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ግን በገዛ እጅ የሰጡትን ፈቃድ አዋጁ አያስመልስም። ስለዚህ ለአሳታሚ ለመሸጥ ያሰቡትን ረቂቅ እዚያ አይጫኑ። ለልጆች እንዲዳረስ የሚፈልጉትን፣ ወይም ስምዎን የሚያስተዋውቅልዎትን አንድ ሁለት ታሪክ ይጫኑ። ትርጉም ለመለማመጃ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፦ ሥዕሉም ፈቃዱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ተረት ለሚፈልግ ኢትዮጵያን ፎክቴልስ የሚባለው ድረ ገጽ አለ፤ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ከየክልሉ ተራኪዎች የተሰበሰቡ ተረቶች በእንግሊዝኛ ቀርበውበታል። ለንጽጽር መልካም ነው፣ አንድ ተረት በሌላ አካባቢ እንዴት እንደሚነገር ያሳያል። ተረቱ የሕዝብ ቢሆንም እዚያ የተጻፈው ቃል የጸሐፊው ነው፤ አንቀጽ እየገለበጡ መተርጎም አይገባም። የወሎን ለዛ ግን ከእንግሊዝኛ መልሶ ማምጣት አይቻልም። አምባሰል ወይም ቦረና ያሉ አያት «ልጄ፣ እደግልኝ» ብለው መርቀው ሲጀምሩ በስልክ ድምፅ መቅዳት፣ ቃሉን እንዳለ መገልበጥ፣ ከዚያ ማሳጠር ነው መንገዱ። እንዲነበብላቸው ቅጂ ማድረስና ስማቸው እንዲጠቀስ ፈቃዳቸውን መጠየቅ አይረሳ።

ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የተባለው የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ ለማንበብ እንጂ ለመሥራት ያን ያህል አያስፈልግም። ኤስሲቢደብሊውአይ የተባለው በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የልጆች መጽሐፍ ደራሲያንና ሠዓሊያን ማኅበር የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል፤ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ላላሰበ ሰው ይቅርበት።

ሥዕል ከሠዓሊ ጋር በቴሌግራም የሚለዋወጡ ከሆነ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ። በፎቶ ሲላክ ቴሌግራም መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ይደበዝዛል። ሙሉ የኤ5 ገጽ ለሚሞላ ሥዕል 1748 በ2480 ፒክሰል ያስፈልጋል፣ ይህም በኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው። በእርሳስ የተሣለውን በስልክ የሚያነሳ ሰው በመስኮት ብርሃን ያንሳ፤ የአምፖል ብርሃን ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ የእጅም ጥላ ይጥላል።

ለሙከራ ኮፒ ቤት ሄዶ ጥቂት ቅጂ ማሳተም ይበቃል። ብሉም የውስጥ ገጹንና ሽፋኑን በሁለት የተለያየ ፒዲኤፍ ያወጣል፤ ውስጡን በተራ 80 ግራም ወረቀት፣ ሽፋኑን በወፍራም ያሳትሙ። የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል ይሁን፦ 16 የኤ5 ገጽ በአራት ኤ4 ወረቀት ያልቃል። ለአታሚው የሚነገረው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱንም ገጽ ሲያትም ወረቀቱ በአጭሩ ጠርዝ በኩል እንዲገለበጥ። በረጅሙ ከተገለበጠ የኋላው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አሳትመው፣ አጥፈው፣ የገጹን ተራ አይተው ነው ቀሪውን ማዘዝ። ለገበያ የሚታተም ከሆነ ግን የኢትዮጵያ አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ቁጥሩ የሽፋኑ ሥራ ሳያልቅ ይጠየቅ፤ ከታተመ በኋላ በተለጣፊ የሚጨመር ቁጥር መጽሐፍ ሻጩን አያስደስትም።