ማይክሮካሎሪሜትር በጎንደር፦ ከወራት በኋላ ያለኝ አስተያየት

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፤ ጊዜ የሌለው እዚህ ላይ ይውረድ። ማይክሮካሎሪሜትር፣ ማለትም ከደም ሴል የሚወጣውን ኢምንት ሙቀት የምንለካበት ማሽን፣ አሪፍ ነው። ረቂቅ ነው፣ ታማኝ ነው። ግን «ስንት» ይላችኋል እንጂ «ለምን» አይላችሁም። ጠዋት ናሙና አስገብቶ ከሰዓት የበሽተኛ ውጤት መስጠት ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። ለምርምር ከሆነ፣ ትዕግሥትና የማይቋረጥ መብራት ካለ፣ ይገዛ።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ አንድ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የማሽኑን ስሪት አልጠራም። አራት ቻናል (የናሙና ቦታ) ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ሁለተኛ እጅ የመጣ ዕቃ ነው። ከሌሎች ከተሞች የላብ ልጆች «ያዋጣል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ። ሕይወት ያለው ሴል ሁሉ ሙቀት ያወጣል። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ላቮዚየና ላፕላስ በ1780ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ጊኒ ፒግ የምትባለዋን እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ የቀለጠውን ውሃ በመመዘን ምን ያህል ሙቀት እንዳወጣች አስልተዋል። የእኛም ማሽን ሐሳቡ ያው ነው፣ በረዶው ብቻ ቀርቶ ቴርሞፓይል፣ ማለትም ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል፣ ተተክቷል። ደሙ በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይገባል። ከብልቃጡ የሚወጣው ሙቀት በቴርሞፓይሉ በኩል ወደ ትልቅ የብረት አካል ይፈስሳል። ሲያልፍ ዜቤክ የተባለ ሳይንቲስት በ1821 ባየው ባህርይ ምክንያት ኢምንት ቮልቴጅ ይፈጥራል። ኮምፒውተሩ ያቺን ወደ ማይክሮዋት (የአንድ ዋት ሚሊዮንኛ) ቀይሮ መስመር ይስልላችኋል። በቃ።

ደም ለዚህ ዘዴ በጣም ይመቻል። ቀይና ድፍርስ ስለሆነ በብርሃን የሚሠሩ መሣሪያዎችን ያስቸግራል። ሙቀት ግን ቀለም አይመርጥም። ማቅለሚያ አትጨምሩም፣ ሴሉን አትሰብሩም። ሲያልቅ ብልቃጡን ከፍታችሁ ያንኑ ናሙና ለሌላ ምርመራ ማዋል ትችላላችሁ።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ቀይ የደም ሴል 0.01 ፒኮዋት ገደማ ያወጣል። ፒኮዋት ማለት የአንድ ዋት ትሪሊዮንኛ ነው፤ ከንቱ ይመስላል። ግን በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ ሴል ስላለ ሲደመር ወደ 50 ማይክሮዋት ይደርሳል። ማሽኑ ከ1 ማይክሮዋት ያነሰ ለውጥ ስለሚለይ ይህ ለእሱ ብዙ ነው።

ከሁሉም የወደድኩለት እዚህ ላይ ነው። የበሰለ ቀይ የደም ሴል ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም በኦክስጅን ኃይል የሚያመርተው የሴል ክፍል፣ የለውም። ግሉኮስን ወደ ላክቴት ለውጦ ከአንዱ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ (ሴሉ ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ያተርፋል፣ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ከቀይ ሴል የምታዩት ሙቀት በአብዛኛው የግላይኮሊሲስ፣ ማለትም የዚህ ግሉኮስን የመሰባበር ሂደት፣ ፍጥነት ነው። በ1970ዎቹ ስዊድን፣ ሉንድ የነበሩ ተመራማሪዎች የታይሮይድ ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራ ሰዎችን ቀይ ሴል ለክተው፣ ሙቀቱ ከጤነኛ ሰው በላይ መሆኑን፣ ከሕክምና በኋላ ደግሞ መውረዱን አሳይተዋል። እንቅርት ብርቅ ያልሆነበት ደጋ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። እንቅርት ሁሉ ዕጢው በዝቶ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ብዙው እንዲያውም በተቃራኒው ነው ወይም ደህና ነው። ግን በዝቶ የሚሠራበትን ሰው ቀይ ሴል ከሆርሞን ምርመራው ጎን ለጎን ማየት ደስ የሚል ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው።

ችግሩ ማሽኑ ሁሉን ነገር መለካቱ ነው። የሚሞቅ ነገር ሁሉ መስመሩ ላይ ይወጣል፣ የማን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። አንድ ነጭ የደም ሴል ከ1 እስከ 3 ፒኮዋት ያወጣል። ከቀዩ ጋር ሲተያይ ጤፍ ውስጥ የወደቀ ባቄላ ነው። በቁጥር ጥቂት ቢሆንም አንዱ ከመቶ በላይ ቀይ ሴሎችን ያህል ይሞቃል። ፕላትሌትም (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) የራሱን ይጨምራል። «የቀይ ሴል ሙቀት ለካሁ» ለማለት ነጩን አጥርቶ ማውጣት ግድ ነው። ደሙን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ሴሎቹን በሚለይ ማሽን) አዙሮ ከላይ ያለውን ነጭ ስስ ሽፋን በፒፔት መሳብ፣ ማጠብ፣ ደግሞ ማጠብ፣ ከዚያ የቀረውን ነጭ ሴል መቁጠር። ከዚህ ሥራ ዘጠና በመቶው ብልቃጡ ከመታሸጉ በፊት ያልቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማሽኑን ገዝቶ ጥሩ ሴንትሪፊውጅ የሌለው ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻላል።

የቱቦው ክዳንም ቀልድ አይደለም። አረንጓዴውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ያለበትን እንጠቀማለን። ከጤና ጣቢያ በግራጫ ክዳን የመጣ ናሙና አልቀበልም፣ ቅር የሚለው ይበለው። ግራጫው ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ አለ። ለስኳር ምርመራ የተሠራ ስለሆነ ሴሉ ስኳሩን እንዳይበላ ኢኖሌዝ የተባለውን ኤንዛይም ያግደዋል። ግላይኮሊሲስ ከቆመ ሙቀቱም ሞተ። ይኸው ፍሎራይድ ግን በሌላ በኩል ወዳጄ ነው። ልኬቱ ሲያበቃ ጥቂት ጨምሬ መስመሩ ሲወድቅ አያለሁ፤ ሳይወድቅ የቀረው ከግላይኮሊሲስ ውጭ የመጣ ነው ማለት ነው።

አሲድነትም ይከታተላችኋል። ሴሎቹ ላክቴት ባመረቱ ቁጥር አካባቢያቸው አሲድ ይሆናል፣ አሲድ ሲሆን ግላይኮሊሲስ ይደክማል፣ መስመሩም ቀስ እያለ ይወርዳል። አዲስ ልጅ ሲያየው ሴሎቹ የሞቱ ይመስለዋል። በፈሩ (buffer፣ አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ጠንካራ ይሁን። ማማሰያ የሌለው ብልቃጥ ከሆነ ደግሞ ቀይ ሴል ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከታች ተጨናንቆ የራሱን አሲድ ይታጠናል። አቅጥኖ ማስገባት ይረዳል።

አሁን የኛን አገር የሚመለከተው። ፕሮቶኮሎቹ ብዙዎቹ ባሕር ወለል አካባቢ የተጻፉ ናቸው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል አራት አምስተኛው ገደማ ስለሆነ በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ቀይ ሴል ግድ የለውም፣ ነጩ ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ነጭ ሴል ስትለኩ ከላይ የምትተዉትን አየር ጨምሩ፣ ወይም ሰዓቱን አሳጥሩ።

ደጋ ላይ ሄሞግሎቢን ይጨምራልና ውጤቱን በግምት እናስተካክል የሚልም አጋጥሞኛል። ኧረ ተዉ! በ2002 የወጣው የተመራማሪዋ የሲንቲያ ቢል ቡድን ጥናት እኮ እዚሁ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከቆላው ሰው ብዙም እንደማይለይ ነው ያሳየው። በግምት የሚስተካከል ነገር የለም። ሴሉን ቁጠሩ፣ ሙቀቱን ለሴል ቁጥር አካፍሉ።

ሬቲኩሎሳይትም አብራችሁ ቁጠሩ። ገና ከመቅኒ የወጣ ወጣት ቀይ ሴል የተወሰነ ማይቶኮንድሪያ ስላለው ከበሰለው የበለጠ ይሞቃል። ደሙ ፈርሶ አዲስ እየተካ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ ከወባ እያገገመ ያለ፣ መስመሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ያ ግን የሴሎቹ ዕድሜ ነው፣ የበሽታው ምልክት ላይሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደኝ የካላዛር፣ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ፣ ነገር ነው። ከመተማና ከሁመራ በኩል፣ ሰሊጥ እርሻ ውለው የሚመጡት ወጣቶች ነጭ ሴላቸው ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጥገኛው የሚኖረው እኮ በነጭ ሴል ወገን ውስጥ ነው። ግን በሽታው ቀዩንም ነጩንም ፕላትሌቱንም ያወርዳል። 1 ሚሊዮን ነጭ ሴል ብታገኙ ከሱ የሚወጣው ሙቀት 2 ማይክሮዋት አካባቢ ነው፣ ቤዝላይኑን (ባዶ ማሽኑ የሚስለውን መስመር) ታክኮ የሚሄድ። ለጥሩ መስመር ብዙ ደም ያስፈልጋል፣ ብዙ ደም ደግሞ ደም ካነሰው ሰው አይቀዳም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢፈቅድ እንኳ እኔ አልቀዳም። ይህን በሻጩ ብሮሹር ላይ አታገኙትም፤ እዚያ ያለው ሁሉ ከጤነኛ ለጋሽ የተወሰደ የሚያምር መስመር ነው።

መብራት። ቴርሞስታቱ 37 ዲግሪን በ10 ሺህኛ ዲግሪ ልዩነት ነው ጠብቆ የሚይዘው። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ከደከመ ያ ሁሉ ይበላሻል፣ ተመልሶ እስኪረጋ ደግሞ ማግስቱን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ስትገዙ ሻጩ ካላችሁ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ጄኔሬተር የሚያስነሱልን ጋሼ አሁን የማሽኑን ጠባይ ከተማሪዎቹ በላይ ያውቁታል። መብራት ሲጠፋ በር ላይ ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ያቺ ሙቀት የምትለካዋ ሥራ ላይ ናት?» ይሉኛል። «አዎ ጋሼ» ካልኩ ፈጠን ብለው ይሄዳሉ። «የለም፣ ዛሬ አርፋለች» ካልኩ ሻያቸውን ይጨርሳሉ።

የከሰዓት ፀሐይም በመስኮት ገብታ መስመሩን ቀስ አድርጋ ታነሣዋለች፤ ወፍራም መጋረጃ ሰቅለናል። ፍሪጁን ከዚያው ሶኬት ነቅለን ሌላ ግድግዳ ላይ ሰክተናል፣ በተነሣ ቁጥር መስመሩ ላይ ጥርስ ያበቅል ነበር። ካሊብሬሽኑ ግን ቀላል ነው፣ ውስጡ ባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የታወቀ ሙቀት ትለቁና ታወዳድራላችሁ። ሶፍትዌሩ አስቀያሚ ነው፣ ይሠራል።

ብቻውን ግን አትግዙት። ላክቴት መለኪያና የኦክስጅን መለኪያ አብረው ካልኖሩ ግማሽ ታሪክ ነው የምታዩት። ነጭ ሴል 1 ሞል ኦክስጅን ሲጠቀም ወደ 450 ኪሎጁል ሙቀት ይወጣል። የለካችሁት ሙቀት የጠፋው ኦክስጅን ከሚያስረዳው ከበለጠ፣ ትርፉ ባብዛኛው ያለ ኦክስጅን ከሚሄደው ከግላይኮሊሲስ የመጣ ነው። ሊምፎሳይት (አንዱ የነጭ ሴል ዓይነት) ሲነቃ ወይም ወደ ካንሰር ሲያዘነብል የምትፈልጉት ይህንን ነው። የኦክስጅን መለኪያው የእኛ አይደለም፣ ተውሰን ነው የምንሠራው። ባለቤቱ ሲፈልገው እኛ ቁጭ እንላለን።

ቀጥሎ ያሰብኩት ወባን ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ የገባበት ቀይ ሴል ግሉኮስ የሚፈጀው ከጤነኛው ብዙ እጥፍ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ያሉ ተመራማሪዎች በ2012 ጥገኛው መድኃኒት ሲነካው ሙቀቱ እንዴት እንደሚወርድ በዚህ ዓይነት ማሽን አሳይተዋል። እሱ በላብ ያደገ ጥገኛ ነው። ከደንቢያ ሜዳ በመጣ በሽተኛ ደም ላይ ያለው ጥገኛ በመቶኛ ትንሽ ስለሚሆን በዚያ ላይ ትልቅ ተስፋ የለኝም። አሳድጎ መለካት ይሻላል፣ ለማሳደግ ደግሞ ሌላ ክፍልና ሌላ በጀት ይፈልጋል።

ዋጋ ስትጠይቁ የብልቃጡንና የማሸጊያ ጎማውን ዋጋ ለየብቻ አስጽፉ። ማሽኑ አንዴ ነው የሚገዛው፤ ጎማው ግን ያልቃል፣ ከውጭ እስኪመጣም ከአራቱ ቻናል ሁለቱ ባዶ ይቆማሉ። የእኛ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው።