ዋልብሮ 450 የነዳጅ ፓምፕ፦ ለማን ይበቃል፣ ለማንስ ይበዛል?

በሰዓት 450 ሊትር እንደሚገፋ የሚነገርለትና በዋልብሮ ስም የሚሸጠው፣ ሰልባትዮ ውስጥ የሚቀመጥ የነዳጅ ፓምፕ፣ ጉልበታቸውን ለመጨመር በሚሠራባቸው የቱርቦ መኪኖች ላይ በብዛት ከሚገጠሙት አንዱ ነው። እኔም በሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን 9 ላይ አስገጥሜው፣ በቤንዚንም በኢ85ም (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ ነዳጅ) ስነዳበት ቆይቻለሁ። ፍርዴን ለማስቀደም ያህል፣ ፓምፑ ጥሩ ፓምፕ ነው፤ ነገር ግን ፓምፑን ብቻ ገዝቶ በአሮጌው ሽቦና በአሮጌው የግፊት መቆጣጠሪያ የሚያሠራ ሰው የከፈለበትን ሁሉ አያገኝም።

ከዚህ ፓምፕ በፊት ለብዙ ዓመታት የታወቀው ባለ 255 ሊትሩ ጂኤስኤስ342 ነበር። እርሱ ነዳጁን የሚገፋው እርስ በርስ በተጠላለፉ የውስጥና የውጭ ጥርሶች ሲሆን፣ 450ው ግን የተርባይን ዓይነት ነው፤ ጠርዙ ጥቃቅን ክንፎች ያሉት ዲስክ በከፍተኛ ፍጥነት እየተሽከረከረ ነዳጁን በሁለት መተላለፊያዎች ይገፋዋል። ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል። ባለጥርሱ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ከኋላ ወንበር ሥር ቀጭን ፉጨት ሲያሰማ፣ የተርባይኑ ድምፅ ለስለስ ያለ ነው፤ ያም ሆኖ ከፋብሪካው ፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ጎላ ብሎ ይሰማል። በመጠንም ይለያያሉ፦ 255ቱ 39 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው በብዙ መኪኖች ማቀፊያ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ የ450ው የላይኛው ክፍል 39 ሚሊሜትር ሆኖ የታችኛው ግን ወደ 50 ሚሊሜትር ይሰፋል። በዚህ ምክንያት የፕላስቲኩን ማቀፊያ በጥቂቱ መቁረጥ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ማቀፊያ መግዛት ግድ ሊሆን ይችላል፤ ከመግዛት በፊት መለካቱ ይመረጣል።

ዋናው ጉዳይ በካርቶኑ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው። ማንኛውም የነዳጅ ፓምፕ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚያወጣው መጠን ይቀንሳል። 450 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ግፊቱ 40 ፒኤስአይ፣ ማለትም 2.75 ባር ገደማ ሲሆንና ፓምፑ 13.5 ቮልት ሲያገኝ ነው። በቱርቦ መኪና ውስጥ ግን ኢንጀክተሩ ነዳጅ የሚረጨው በታመቀ አየር ወደ ተሞላ ቦታ ስለሆነ፣ በነዳጁና በአየሩ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ሳይዛነፍ እንዲቆይ መቆጣጠሪያው የቱርቦውን ግፊት በመነሻው ላይ እየደመረ ይሄዳል። መነሻው 3 ባር ቢሆንና ቱርቦው 1.5 ባር ቢያመጣ፣ ፓምፑ 4.5 ባርን አሸንፎ መግፋት አለበት ማለት ነው። በዚህ ግፊት 450ው ወደ 400 ሊትር አካባቢ፣ 255ቱ ደግሞ ወደ 200 ሊትር አካባቢ ይወርዳሉ። ገዢ ሊመለከተው የሚገባው ሰንጠረዥ ይህንን የሚያሳየውን እንጂ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አይደለም።

ይህን ወደ ጉልበት ለመተርጎም ቀላል ስሌት አለ። በቤንዚን የሚሠራ የቱርቦ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.4 ሊትር ያህል ይፈልጋል ብንል፣ 200 ሊትር ለ500 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል፤ ከዚህ ላይ 20 በመቶውን ለመጠባበቂያ ብናስቀር 400 ይቀራል። በዚሁ መንገድ የ450ው ልክ 800 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚለካውን እንጂ ጎማ ላይ የሚደርሰውን ኃይል አያሳዩም። ኢ85 ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ኢታኖል በራሱ ኦክስጅን ስለያዘ አንድ ኪሎ ኢ85 ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 9.8 ኪሎ አካባቢ አየር ሲበቃው፣ አንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ለሚስበው ተመሳሳይ አየር በሊትር ከ30 በመቶ የሚበልጥ ተጨማሪ ነዳጅ መቅረብ አለበት። በኢ85 የ450ው ልክ ከ800 ወደ 600 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን ለሁለት ሊትር ሞተር ከበቂ በላይ ነው። በቤንዚን ብቻ እየነዳ ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰው ግን 450ውን የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም፤ 255ቱ ይበቃዋል፣ ጣጣውም ያንሳል።

ጣጣ ያልኩት በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ነው። 450ው በመደበኛ ግፊት 15 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ወደ 20 ይጠጋል። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ለዚህ አልታሰበም። ቀጭን ሽቦ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ይሞቃል፣ በመንገዱም ላይ ቮልት ያጠፋል። ባትሪው ላይ 14 ቮልት እየታየ ፓምፑ ዘንድ 12 ብቻ ሲደርስ፣ ፓምፑ ከአቅሙ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል፤ ይህም የሚሆነው ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ፣ ለምሳሌ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትሩን፣ በባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጎ ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) መጨመርና የፋብሪካውን ሽቦ ሪሌዩን ለመቀስቀስ ብቻ መጠቀም። የኔጋቲቩ መስመርም በዚያው ውፍረት ተሠርቶ ቀለሙ ተፍቆ ከተጸዳ ብረት ጋር መታሰር አለበት፤ ብዙ ሰው ፖዘቲቩን አወፍሮ ይህንን ይተወዋል። ሥራው ማለቁን የሚያረጋግጠው ሞተሩ እየሠራ በፓምፑ መሰኪያ ላይ የሚለካው ቮልት ነው።

በኢቮሉሽን 9 ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መኪናው በዝግታ ሲነዳ ለፓምፑ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሬዚስተር በኩል አልፎ ይቀንሳል፤ ጭነቱ ሲበረታ ሌላ ሪሌይ ሙሉውን ኃይል ይለቃል። የፋብሪካው መሐንዲሶች ይህን ያደረጉት ድምፅና ሙቀት ለመቀነስ ነው፤ ለእነርሱ ፓምፕ ተስማሚ ነበር። አዲሱ ሽቦ ሲዘረጋ ይህ የመቀነሻ ደረጃ ከሥራ ውጪ ይሆናል፣ ፓምፑም ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። የፓምፑን ፍጥነት በፈጣን ማብራትና ማጥፋት የሚቆጣጠር ሣጥን ባላቸው መኪኖች ላይ ግን ያንን የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ ሪሌይ ለመቀስቀስ ማዋል አይቻልም፤ ሪሌዩ እየተንቀጠቀጠ ይበላሻል።

ፓምፑ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ችግሩ ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው ይዞራል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚጠቀመው ከሚገፋው ጥቂቱን ስለሆነ የቀረው ሁሉ ወደ ሰልባትዮ መመለስ አለበት። የፋብሪካው መቆጣጠሪያና ቀጭኑ መመለሻ ቱቦ ይህን ያህል ማሳለፍ ካቃታቸው፣ ግፊቱ ከተወሰነለት በላይ ይቆያል፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ኮምፒውተሩም ለማረም ሲታገል ይታያል። በእኔ መኪና ላይ ሰፋ ያለ ማሳለፊያ ያለው፣ ግፊቱ በብሎን የሚስተካከል መቆጣጠሪያ ከተገጠመ በኋላ፣ መለኪያው ሚኒሞ ላይም ሆነ ቱርቦው ሙሉ በሙሉ ሲገፋ ልዩነቱን በ3 ባር ጠብቆ አሳይቷል። ስለ ፓምፑ ጥራት የምመሰክረው በዚህ ነው፦ በከፍተኛ ዙር፣ በረጅም ዳገት፣ ነዳጁ ሞቆ እያለም መርፌው አልወረደም። የግፊት መለኪያ ሳይገጠም ፓምፕ መቀየር ውጤቱን በግምት መተው ነው፤ ግፊት ሲወድቅ የነዳጅና የአየር ቅይጡ ነዳጅ አንሶት ይሳሳል፣ የሳሳ ቅይጥ ደግሞ በሙሉ ጭነት ፒስተን ያቃጥላል።

የተመላሹ ነዳጅ መብዛት ሌላ ዋጋም አለው። ከሞተሩ አጠገብ ደርሶ የሚመለሰው ነዳጅ ሙቀት ይዞ ስለሚገባ፣ ሰልባትዮው ሩብ ያህል ብቻ ሲቀረው በረጅም ጉዞ ይሞቃል፣ የሞቀ ነዳጅም ፓምፑ መግቢያ ላይ ወደ ትነት ይቀርባል። በፍጥነት መታጠፊያ ላይም ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ትልቅ ፓምፕ በዙሪያው ያለውን ቶሎ ጠጥቶ አየር ይስባል። ስለዚህ በፓምፑ ዙሪያ ነዳጅ የሚይዘውን ማጠራቀሚያ ሣጥን አውጥቶ ፓምፑን ብቻውን ማንጠልጠል፣ ቦታ ለማግኘት ሲባል የሚደረግ ቢሆንም፣ መጥፎ ልማድ ነው።

ስለ መግጠሙ ብዙ የሚባል የለም፤ አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። ሰልባትዮ ውስጥ ፓምፑን ከክዳኑ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ቱቦ ከውስጥም ከውጭም በነዳጅ የሚነከር ስለሆነ፣ ኤስኤኢ 30አር10 የሚል ምልክት ያለው፣ ነዳጅ ውስጥ ለመጠመቅ የተሠራ መሆን አለበት። የተለመደው የነዳጅ ጎማ የሚችለው ከውስጥ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ውጩ ሲነከር ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል፣ ግፊቱም እዚያው ሰልባትዮ ውስጥ ይፈሳል። የዚህ ምልክቱ ከደካማ ፓምፕ ምልክት አይለይም። ከውጭ አምራቾች በሚመጡ የመግጠሚያ ዕቃዎች ውስጥ ተራ ጎማና ደካማ ፋሸታ ማግኘት የተለመደ ነው። የመምጠጫውን ፊልትሮና የክዳኑን ጎሚኒ አዲስ ማድረግም ተገቢ ነው። ሥራው ሲጀመር ሰልባትዮው ከሩብ በታች እንዲሆን፣ የፓምፑ ፊውዝ ወጥቶ ሞተሩ እስኪጠፋ በመሥራት ግፊቱ እንዲለቀቅ፣ ከዚያም ባትሪው እንዲነቀል ያስፈልጋል፤ የእሳት ማጥፊያውም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ስሙ የታወቀ በመሆኑ ተመስሎ የተሠራው በብዛት ይሸጣል። ዋጋው ከሌሎቹ ሻጮች እጅግ ያነሰ፣ በአካሉ ላይ ያለው ጽሕፈት የደበዘዘ ወይም በጣት ሲፈተግ የሚለቅ ከሆነ አለመግዛት ይሻላል። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ከመመለሻው ቱቦ በሰዓት ተቆጣጥሮ ወደ መለኪያ ዕቃ በማስፈሰስ የሚወጣውን መጠን ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር ማወዳደር ይችላል።

ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭባቸው አዳዲስ የቱርቦ መኪኖች ባለቤቶች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለባቸው። በእነዚህ ሞተሮች የሰልባትዮው ፓምፕ ሥራ በካምሻፍት ለሚነዳው የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ነዳጅ ማቅረብ ብቻ ነው፤ ያኛው ከ100 ባር በላይ የሚገፋ ሲሆን፣ ነዳጅ ቀድሞ የሚያጥረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የከፍተኛ ግፊት ፓምፑና የሰልባትዮው ፓምፕ ግፊቶች ተለክተው የወደቀው የሰልባትዮው መሆኑ ካልታየ፣ 450ውን መግጠም ጉልበት አይጨምርም።