የይር የአየር ሁኔታ መተግበሪያ በብርድ ወራት፦ ለነገ ብርቱ፣ ላለፈው ደካማ

ይር የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የአገሪቱ የሕዝብ ብሮድካስተር ኤንአርኬ በጋራ የሚያቀርቡት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው። በድረ ገጽም በስልክ መተግበሪያም በነጻ ይገኛል፤ ማስታወቂያ የለበትም፤ ትንበያውም ከኖርዌይ አልፎ በዓለም ላይ ላሉ እጅግ ብዙ ቦታዎች ይሠራል። እዚህ የምገመግመው ግን በአንድ ወገኑ ብቻ ነው፤ በረዶ በሚጥልባቸውና ውርጭ በሚበረታባቸው ወራት ለተጠቃሚው የሚያስፈልገውን ምን ያህል ይነግረዋል የሚለውን። የዛሬንና የነገን በሚገባ ይነግረዋል፤ የሳምንቱን በልኩ። ያለፉትን ዓመታት በተመለከተ ግን ከኖርዌይ ውጭ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

በብርድ ወራት ለትንበያ አስቸጋሪ የሚሆነው ቅዝቃዜው ራሱ አይደለም። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን የሚወርደው በረዶ እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው፤ ጭንቁ ያለው ሙቀቱ በዜሮና በ2 ዲግሪ መካከል ሲዋልል ነው። ከደመናው በረዶ ሆኖ የተነሣው ነገር ሲወርድ ሞቅ ያለ የአየር ንብርብር ካጋጠመው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል፤ ከደመናው በታች ያለው አየር ደረቅ ከሆነ ደግሞ በትነት ምክንያት ስለሚቀዘቅዝ፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያሳየም በረዶ ሊጥል ይችላል። ይር ዝናብን፣ በረዶንና የሁለቱን ድብልቅ በተለያዩ ምልክቶች፣ ቀላልና ከባድ ብሎ ለይቶ፣ ለቅርብ ቀናት በየሰዓቱ ያሳያል። ይህ አከፋፈል ከብዙዎቹ በስልክ ላይ ተጭነው ከሚመጡ መተግበሪያዎች ይልቅ ለመንገደኛ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ዝናቡ ወደ በረዶ የሚለወጥበትን ሰዓት በአንድ እይታ ማየት ይቻላል።

ሆኖም በዚሁ በጠንካራ ጎኑ ውስጥ አንድ ከባድ ጉድለት አለ። መሬት እንደነካ የሚረጋው ዝናብ፣ ማለትም ከላይ ባለው ሞቃት ንብርብር ቀልጦ ከታች ባለው ከዜሮ በታች በሆነ አየር ውስጥ ሲያልፍ የሚቀዘቅዝና መንገዱን፣ የዛፍ ቅርንጫፉንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን በመስተዋት መሰል በረዶ የሚለብጠው ዝናብ፣ በአገልግሎቱ የምልክት ዝርዝር ውስጥ የራሱ ምልክት የለውም። በብርድ ወራት ከሚወርደው ሁሉ ለእግረኛና ለአሽከርካሪ አደገኛው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ሰንጠረዡን የሚያይ ሰው ተራ የዝናብ ጠብታ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ተጠቃሚው ምልክቱን ብቻ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ የዝናብ ምልክት ባለበት ሰዓት የተጻፈው ሙቀት ከዜሮ በታች ወይም እዚያው አካባቢ ከሆነ ነገሩን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቁጠረው። አዘጋጆቹ ይህን አንድ ምልክት ቢጨምሩ ኖሮ የማቀርበው ቅሬታ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ሁለተኛው ለአዲስ ተጠቃሚ ግር የሚለው ነገር የመጠን አገላለጹ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ዝናብም ሆነ በረዶ በሚሊሜትር ይቀመጣል፤ ይህም በረዶው ቢቀልጥ የሚሰጠው የውኃ መጠን ማለት ነው። ለሜትሮሎጂ ባለሙያ ትክክለኛው መለኪያ ይህ ነው፤ ደጁን በአካፋ ለሚጠርግ ሰው ግን የሚፈልገው ሴንቲሜትሩን ነው። የተለመደው ግምት 1 ሚሊሜትር ውኃ 1 ሴንቲሜትር ያህል በረዶ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ግን መካከለኛ ቁጥር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚወርደው እርጥብና ከባድ በረዶ ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም ላያልፍ ይችላል፣ በብርቱ ቅዝቃዜ የሚወርደው ደረቅና ብናኝ በረዶ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ሊከመር ይችላል። እንግዲህ «10 ሚሊሜትር» የሚል ትንበያ እንደ ሙቀቱ ከ5 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚደርስ በረዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የዝቅተኛውና የከፍተኛው ግምት ክፍተት አብሮ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ያንን ማየት ከመካከለኛው ቁጥር ይበልጥ ያስተምራል፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ሞዴሎቹ፣ ማለትም የአየሩን ሁኔታ በኮምፒውተር የሚያሰሉት ስሌቶች፣ ገና እንዳልተስማሙ ይናገራል።

«የሚሰማ ሙቀት» የሚለውም ተጨምሯል፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን በትክክል ሊነበብ ይገባል። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሻሻሉት የነፋስ ቅዝቃዜ ቀመር መሠረት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲታከልበት ለተገለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ይህ ቁጥር ስለ ሰው ገላ ብቻ ይናገራል፤ የውኃ ቧንቧ ወይም መኪና ነፋሱ የቱንም ያህል ቢበረታ በነፋሱ ብቻ ከአየሩ ሙቀት በታች አይወርድም። ውርጭን በተመለከተ ደግሞ ተቃራኒው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚተነበየው ሙቀት ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለው አየር ነው፤ ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የመሬቱ ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በብዙ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ትንበያው 2 ወይም 3 ዲግሪ ቢልም ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል።

ጥራቱ በየትኛውም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በሰሜን አውሮፓ ይር የሚጠቀመው በየ2.5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ነጥብ እየወሰደ የሚያሰላ ሞዴል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ግለሰቦች በየቤታቸው ከተከሏቸው አነስተኛ መሣሪያዎች የሚገኘውን ሙቀት ለማረሚያነት ያስገባል። ለቀረው ዓለም የሚሠራው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል በሚያወጣው ሞዴል ነው፤ ይህ በዓለም እጅግ ከሚታመኑት አንዱ ቢሆንም ነጥቦቹ በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ የተራራቁ ናቸው። በሜዳ ላይ ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም፤ በሸለቆ ውስጥ ግን ይጎላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በረጅሙ የብርድ ወራት ሌሊት ወደ ሸለቆው ወለል ወርዶ ይተኛል፣ ከፍታው ላይ ያለው ሰው ከታች ካለው ይልቅ ይሞቀዋል። ከፍ ባሉ ቁጥር ይቀዘቅዛል የሚለው የተለመደ ሥርዓት በእንደዚህ ያለ ሌሊት ይገለበጣል፣ ሸለቆውን ለይቶ የማያይ ሞዴልም የወለሉን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ከፍ አድርጎ ሊገምት ይችላል። በሸለቆ የሚኖር ተጠቃሚ የራሱን ቴርሞሜትር ከትንበያው ጋር እያስተያየ ልዩነቱን ቢያጠና፣ ስሕተቱ በጠራ ሌሊት በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ይደርስበታል፤ ከዚያ በኋላ መተግበሪያው ለእርሱ እጅግ የተሻለ ይሆናል።

አሁን ወደ ደካማው ጎን እንምጣ። ይር የሚያቀርበው የታሪክ ክፍል ያተኮረው በኖርዌይ ጣቢያዎች ላይ ነው፤ ለእነርሱ የሙቀቱን፣ የዝናቡንና የበረዶውን መዝገብ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አገሪቱ የምትኮራበት መዝገብም አላት፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1886 በካራሾክ የተለካው ከዜሮ በታች 51.4 ዲግሪ እስከ ዛሬ የኖርዌይ ዝቅተኛው ነው። በሌላ አገር ያለ ተጠቃሚ ግን «ይህ ቅዝቃዜ ያልተለመደ ነውን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት አያገኝም። ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ አገሩ የሜትሮሎጂ ተቋም ነው፤ በተለይም አሁን በሥራ ላይ ወዳለው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ድረስ ያለው የ30 ዓመት አማካይ። ይህ አማካይ በአብዛኛው ቦታ ከ1961 እስከ 1990 ከነበረው ይሞቃል፣ ስለዚህ ዛሬ «ከመደበኛው በታች» የሚባለው ወር በቀድሞው መለኪያ መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በአቅራቢያው ጣቢያ ለሌለው ሰው የቀረው ኤራ5 የተባለው የአውሮፓውያን መዝገብ ነው። ይህ የቀድሞ ልኬቶችን ከሞዴል ጋር አዋሕዶ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የዓለምን የአየር ሁኔታ በየሰዓቱ መልሶ ያሰላ ሲሆን፣ ኦፕን ሜቴዮ በመሰሉ አገልግሎቶች በኩል ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። የስሌት ነጥቦቹ ርቀት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን ያለፉትን ዓመታት የብርድ ወራት እርስ በርሳቸው ለማወዳደር እንጂ የአንድን ሸለቆ የቅዝቃዜ ክብረ ወሰን ለመፈለግ አይሆንም። ለክብረ ወሰን መታመን ያለበት የጣቢያ ልኬት ነው፣ እርሱም ቢሆን ከተመረመረ በኋላ፤ በግሪንላንድ ክሊንክ በተባለ አውቶማቲክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1991 የተመዘገበው ከዜሮ በታች 69.6 ዲግሪ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዝቅተኛ ሙቀት መሆኑን የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ያረጋገጠው በ2020 ነው።