ኤፒኤስኪው-3፦ የተማሪን አመለካከት በደንብ ይለካል፣ እውቀቱን ግን አይነካም

የጤና ተማሪዎች ለታካሚ ደህንነት ያላቸውን አመለካከት መለካት የሚፈልግ መምህር በቀላሉ ከሚያገኛቸው መጠይቆች አንዱ ኤፒኤስኪው-3 (Attitudes to Patient Safety Questionnaire III፣ የታካሚ ደህንነት አመለካከት መጠይቅ) ነው። መነሻ ጥናቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን የተዘጋጀው ለሕክምና ተማሪዎችና ለመምህራኖቻቸው ነበር። 26 ዓረፍተ ነገሮች በ9 ርዕሶች ተከፍለው ቀርበዋል። ተማሪው ለእያንዳንዱ ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 7 (በጣም እስማማለሁ) ይመርጣል። አጭር ስለሆነ ክፍል ውስጥ ሳያሰለች ይሞላል።

ትልቁ ጥንካሬው ስህተትን ከሰነፍ ባለሙያ ጋር ብቻ የሚያያይዘውን ልማድ ፈልፍሎ ማውጣቱ ነው። «የሕክምና ስህተት የብቃት ማነስ ምልክት ነው» ለሚለው 6 ወይም 7 የሚሰጥ ተማሪ ነገ የራሱን ስህተት ሪፖርት ለማድረግ ይከብደዋል፤ ሪፖርት ማድረግ «ብቃት የለኝም» ብሎ መፈረም ይሆንበታላ! «የሰው ልጅ መሳሳቱ አይቀርም» በሚለው መስማማት ከፍተኛ ነጥብ የሚያሰጠውም ለዚሁ ነው። አንዳንድ መምህራን ይህን እንደ ቸልተኝነት ያዩታል። ነገር ግን ስህተት እንደሚኖር የተቀበለ ሰው ነው መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥለት የሚጠይቀው። የሥራ ሰዓት ርዝመትን የሚመለከቱት ጥያቄዎችም በዚሁ መንፈስ የተጻፉ ናቸው፤ የቡድን ሥራና የታካሚ ተሳትፎም ተካተዋል።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነጥብ አያያዙ ነው። የተወሰኑት ዓረፍተ ነገሮች በተቃራኒ የተጻፉ በመሆናቸው ነጥባቸው ከ8 ላይ ተቀንሶ ይገለበጣል። «ታካሚውን ያልጎዳ ስህተት ሪፖርት መደረጉ አስፈላጊ አይደለም» ለሚለው 2 የመረጠ ተማሪ 6 ያገኛል ማለት ነው። ይህ ከተረሳ ጥሩው ተማሪ ደካማ፣ ደካማው ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ከመደመር በፊት አሥር ያህል ወረቀቶችን በእጅ አስልቶ ከኮምፒውተሩ ውጤት ጋር ማመሳከር ይበጃል። ከላይ እስከ ታች 7 የተመረጠበት ወረቀት ካለ ደግሞ ሳይነበብ የተሞላ ነውና ለብቻው ይታይ።

ውጤቱን በአንድ ጠቅላላ ድምር ማቅረብ አይመከርም። ሪፖርት ለማድረግ የማይደፍር ተማሪ የቡድን ሥራን ስላደነቀ ብቻ ድምሩ ያማረ ሊሆን ይችላል። የየርዕሱን አማካይ ለየብቻ ማሳየት ይሻላል። የቡድን ሥራና የታካሚ ተሳትፎ ግን 2 ጥያቄ ብቻ ስላላቸው ክሮንባክ አልፋቸው (በአንድ ርዕስ ሥር ያሉት ጥያቄዎች ምን ያህል አንድን ነገር እንደሚለኩ የሚያሳየው ቁጥር) ዝቅ ቢል አያስገርምም፤ በእነዚህ ላይ ተንተርሶ ትልቅ ድምዳሜ መስጠት አይገባም።

ሌላው ጉድለት አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ስለ ሐኪም የሚያወሩ መሆናቸው ነው። ለነርስ፣ ለአዋላጅ ወይም ለፋርማሲ ተማሪ «የጤና ባለሙያ» ብሎ መቀየርና አስቀድሞ በጥቂት ተማሪዎች ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ስም ማስጻፍ ደግሞ ጭራሽ መቅረት አለበት፤ ማርክ የሚሰጠው መምህር ፊት ለፊት ቆሞ ወረቀቱን ከሰበሰበ መልሱ መምህሩ ሊሰማ የሚፈልገው ይሆናል።

እውቀትን በተመለከተ ከዚህ መጠይቅ ምንም አይገኝም። ስለዚህ አጭር የእውቀት ፈተና ጎን ለጎን መሰጠት አለበት። ትርጉም የሚያስሸመድድ ሳይሆን ሥራ ላይ የሚያጋጥም ይሁን። ለምሳሌ፦ የመድኃኒት ትእዛዙ «5.0 ሚ.ግ» ይላል፤ አደጋው ምንድን ነው? ነጥቧ ከደበዘዘች 50 ተብሎ ይነበባል፣ ታካሚውም አሥር እጥፍ ይወስዳል፤ «5 ሚ.ግ» ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ወይም፦ ታካሚን በአልጋ ቁጥር መለየት ለምን አይበቃም? አልጋ ስለሚቀያየር፤ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ይጠየቃል፣ ያውም ታካሚው ራሱ እንዲናገር እንጂ «አንተ እገሌ ነህ?» ተብሎ አይደለም። የደከመ ወይም መስማት የሚቸግረው ታካሚ ለማንኛውም ስም «አዎ» ይላልና።

ከሥልጠና በፊትና በኋላ ለማወዳደር የሚፈልግ ሁለቱንም በሁለቱም ጊዜ ይስጥ፤ ወረቀቶቹንም ተማሪው ራሱ በሚመርጠው ምስጢራዊ ኮድ ያዛምድ። የመጨረሻው ልኬት ሥልጠናው ባለቀበት ቀን ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ የትኩስ ትዝታ ነው፤ ተማሪዎቹ ዋርድ ገብተው ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ ይደገም።